የዲጂታል ኤክሳይቴሽን መቆጣጠሪያ ፍተሻ፤ ወረቀቱ የሚለውና ማሽኑ የሚመሰክረው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ነሐሴ 4 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1996) ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ሙቀቱ በርትቶ ስለ ነበረ የአየር ማቀዝቀዣ የሚፈጀው ኃይል በዝቶ ነበር፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ወንዞቹ ሞልተው ስለ ነበር ብዙ የውኃ ኃይል በረጃጅም መስመሮች ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዝ ነበር። በአካባቢው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ በኦሪገን ግዛት አንድ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ረግቦ ከዛፍ ጋር በመነካካቱ ተቋረጠ። ጭነቱ ወደ ሌሎች መስመሮች ተዛወረ፤ ቮልቴጁም ወረደ። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የሚገኘው የማክናሪ ጣቢያ ጄኔሬተሮች የወረደውን ቮልቴጅ ለመደገፍ ኤክሳይቴሽናቸውን ከፍ አድርገው መሥራት ያዙ። እጅግ በሚፈለጉበት በዚያው ሰዓት 13 ጄኔሬተሮች ተራ በተራ ከመስመር ወጡ። ውኃው አልጎደለም፤ ተርባይኑ አልተሰበረም፤ የስታተሩ ጥቅልም አልተቃጠለም። ማሽኖቹን ያወጣቸው የኤክሳይቴሽኑ መሣሪያ የራሱ መከላከያ ሪሌይ ያለ አግባብ መሥራቱ ነበር። ከዚያም በሰሜንና በደቡብ መካከል የተነሣው የኃይል መወዛወዝ በመስከን ፈንታ እየሰፋ ሄደ። ያ መስመር ከተቋረጠ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ታላቁ ግሪድ ከ4 ተከፈለ፤ 7.5 ሚሊዮን የሚያህሉ ደንበኞችም ኤሌክትሪክ አጡ።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ከአደጋው የማያንስ አስደንጋጭ ነገር አሳየ። መሐንዲሶቹ የዕለቱን ሁኔታ በኮምፒዩተር ሞዴል ላይ ደግመው ሲያስኬዱት፣ ሞዴሉ መወዛወዙ ወዲያው ሰክኖ ግሪዱ ጸንቶ እንደሚቆም አሳየ። በዕለቱ የተቀረጸው መዝገብ ግን ተቃራኒውን ይመሰክር ነበር። ለዓመታት ሲታቀድበት የኖረው ወረቀት ከማሽኖቹ እውነተኛ ጠባይ ጋር እንደማይገጥም ያን ጊዜ ታወቀ። በዚህም ምክንያት የአካባቢው የኃይል ሥርዓቶች አስተባባሪ ምክር ቤት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ጄኔሬተሮችና መቆጣጠሪያዎቻቸው በየጣቢያቸው በተግባር እየተፈተኑ ሞዴላቸው እንዲታረም አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የጸደቀው ደንብም የኤክሳይቴሽን መቆጣጠሪያው ሞዴል በየ10 ዓመቱ እንዲረጋገጥ አስገደደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ፍተሻ ማለት መሣሪያው መሥራቱን ለማሳየት የሚደረግ ሥነ ሥርዓት አይደለም። መሣሪያው በደኅና የሚሠራበት ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ፣ ያንንም በትክክል መዝግቦ ለማስቀመጥ የሚደረግ ምርመራ ነው። ይህ ትምህርት ለማንኛውም ዓይነት ኤክሳይቴሽን የሚያገለግል ቢሆንም፣ ዛሬ በየጣቢያው ለሚተከለው ለዲጂታሉ መቆጣጠሪያ የበለጠ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ከዚህ ቀጥሎ ይቀርባል።

1. የኤክሳይቴሽን ተግባር

እንደሚታወቀው የጄኔሬተር ሮተር ማግኔት የሚሆነው ቀጥተኛ ከረንት በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ይህን ከረንት የሚሰጠውና የሚመጥነው መሣሪያ ኤክሳይቴሽን ይባላል። ጀርመናዊው ቬርነር ሲመንስና እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1867 ማሽኑ በራሱ ኃይል ማግኔቱን የሚያበረታበትን ዘዴ ለሳይንስ ማኅበራት ካቀረቡ ወዲህ የዚህ መሣሪያ መልክ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በመጀመሪያ ከዋናው ዘንግ ጋር የሚዞር አነስተኛ የቀጥተኛ ከረንት ጄኔሬተር ነበር፤ ልኩንም የሚጠብቀው በስፕሪንግና በማግኔት የሚንቀሳቀስ ተቆጣጣሪ ነበር። ቀጥሎ ታይሪስተርና የኤሌክትሮኒክስ ካርድ መጣ፤ በመጨረሻም የካርዱን ቦታ ማይክሮፕሮሰሰር ያዘ።

መልኩ ቢለዋወጥም ተግባሩ አልተለወጠም። ማሽኑ ከመስመር ሳይገናኝ ብቻውን ሲዞር ኤክሳይቴሽኑ የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ ይወስናል። ከግሪድ ጋር ከተገናኘ በኋላ ደግሞ ማሽኑ የሚሰጠውን ወይም የሚቀበለውን ሪአክቲቭ ኃይል ይወስናል። በመስመር ላይ አጭር ግንኙነት በደረሰ ጊዜ የሮተሩን ከረንት በቅጽበት አንሥቶ ማሽኑ ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር እኩል መዞሩን እንዳይለቅ ያግዛል። ስለዚህ ኤክሳይቴሽን ዘወትር የሚታይ ሥራው ቀላል፣ በችግር ጊዜ የሚጠየቀው ሥራ ግን ከባድ የሆነ መሣሪያ ነው። ፍተሻውም የሚያተኩረው በዚህ በማይታየው ሥራ ላይ ነው።

2. ዲጂታሉ የለወጠው ነገር

በቀድሞው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ እያንዳንዱ ተግባር የራሱ ካርድ ነበረው። ልኩ የሚስተካከለው በዊንጫ በሚዞር ፖቴንሽዮሜትር ስለ ሆነ በሙቀትና በእርጅና ይንሸራተት ነበር። በዲጂታሉ ልኩ በቁጥር የሚሞላ በመሆኑ ከዓመት ዓመት አይንሸራተትም፤ መቆጣጠሪያው ቮልቴጁን በየጥቂት ሚሊ ሰኮንድ እየለካ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሁለት ቻናል ስለሚኖረው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። ይህ ሁሉ ታላቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር አዲስ ዓይነት ስሕተት መጥቷል። አንደኛ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ልኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ተሰበሰቡ አንዱ ቁጥር ያለ ቦታው ቢገባ በዓይን አይታይም። የተቃጠለ ሬዚስተር ይሸታል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን አይሸትም። ሁለተኛ፣ ለአንዱ ማሽን የተዘጋጀው ፕሮግራም ለሌላው ማሽን እንዳለ ሲገለበጥ፣ ቁጥሮቹ የተሰሉበት መነሻ ልክ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከፕሮግራሙ የሚበዛው ክፍል ለዓመታት ተኝቶ የሚኖር ነው፤ ይኸውም ገደብ ጠባቂው፣ የቻናል መለዋወጫው፣ የመለኪያ ጉድለት መርማሪው ናቸው። እነዚህ የሚነቁት በክፉ ቀን ብቻ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደሚባለው፣ በሰላሙ ቀን ያልተፈተነ ገደብ ጠባቂ በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም።

አራተኛውና ረቂቁ ጉዳይ የምስክርነት ጉዳይ ነው። ዲጂታል መቆጣጠሪያ የመፈተኛውን ምልክት ራሱ ያስገባል፤ መልሱን ራሱ ይለካል፤ ግራፉንም ራሱ ሥሎ ያቀርባል። ምቾቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በመለኪያው ግብዓት ላይ ስሕተት ካለ ግራፉም ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል። ለራሱ ዳኛ፣ ለራሱ ምስክር የሆነ መሣሪያ ይፈረድበት ዘንድ አይችልም። ስለሆነም የስታተሩ ቮልቴጅ፣ የሮተሩ ቮልቴጅና ከረንት፣ አክቲቭና ሪአክቲቭ ኃይሉ ከመቆጣጠሪያው ውጭ በሆነ መቅረጫ ጎን ለጎን መመዝገብ አለባቸው። ሁለቱ መዝገቦች ሲገጥሙ ብቻ ውጤቱ ይታመናል።

3. የፍተሻው ቅደም ተከተል

ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ጉዳት ከማያመጣው ጉዳት ወደሚያመጣው ይሄዳል። በሦስት ደረጃ ይከፈላል፦ ማሽኑ ቆሞ፣ ማሽኑ ዞሮ ከመስመር ሳይገናኝ፣ ማሽኑ ከመስመር ተገናኝቶ።

ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሽቦዎቹ በሥዕሉ መሠረት መያያዛቸው ይታያል፤ ኢንሱሌሽኑ ይለካል። ኢንሱሌሽን በሚለካበት ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ መነጠል አለባቸው፤ አለዚያ መለኪያው ራሱ ያቃጥላቸዋል። ከመፈተኛ መሣሪያ ቮልቴጅና ከረንት እየተሰጠ መቆጣጠሪያው የሚያነበው ቁጥር ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። የታይሪስተሮቹ ማቀጣጠያ ምልክት በየተራው መድረሱ በኦሲሎስኮፕ ይታያል፤ ድልድዩም በሮተሩ ምትክ በተተከለ ሬዚስተር ላይ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሞከራል። በዚህ ደረጃ የሚገኝ ስሕተት በእርሳስ የሚታረም ነው፤ በሚቀጥለው ደረጃ የሚገኘው ግን በገንዘብና በጊዜ የሚታረም ይሆናል።

በሁለተኛው ደረጃ ማሽኑ በሙሉ ፍጥነቱ ይዞራል፤ ብሬከሩ ግን ክፍት ነው። በመጀመሪያ በእጅ፣ ማለትም የሮተሩ ከረንት ብቻ እየተመጠነ፣ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። በየደረጃው የሚመዘገበው የቮልቴጅና የከረንት ዝምድና የማሽኑን የብረት ሙሌት ያሳያል፤ ይህም ለኋላው ሞዴል መሠረት ነው። ቀጥሎ አውቶማቲኩ ይገባና የደረጃ ለውጥ ፍተሻ ይደረጋል። ለምሳሌ በ13.8 ኪሎ ቮልት ጄኔሬተር ላይ የ5 በመቶ ለውጥ ቢታዘዝ ቮልቴጁ በ690 ቮልት ከፍ ማለት አለበት። የሚጠየቀው ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ጊዜ ደረሰ፣ ከታዘዘው ምን ያህል አለፈ፣ ስንት ጊዜ ተወዛውዞ ሰከነ የሚለው ጭምር ነው። አንድ ጊዜ ጥቂት አልፎ ወዲያው የሚሰክን መልስ ደኅና ነው። እየደጋገመ የሚወዛወዝ መልስ ግን ልኩ ከመጠን በላይ እንደ ተሳለ ያመለክታል፤ ብቻውን ሲዞር የሚወዛወዝ ማሽን ከግሪድ ጋር ሲገናኝ የባሰ ነገር ያሳያል።

በዚህ ደረጃ ከሁሉ ይልቅ ችላ ሊባል የማይገባው የመለኪያ ትራንስፎርመሩ ፊውዝ ፍተሻ ነው። መቆጣጠሪያው የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ የሚያውቀው በዚህ ትራንስፎርመር በኩል ብቻ ነው። ፊውዙ በተቃጠለ ጊዜ መቆጣጠሪያው የሚያየው የወረደ ቮልቴጅ ነው፤ እውነቱ ግን ቮልቴጁ እንዳለ መሆኑ ነው። ጉድለቱን የሚለይ ክፍል ከሌለ ወይም ካልሠራ፣ መቆጣጠሪያው «ቮልቴጅ ወረደ» ብሎ ኤክሳይቴሽኑን እስከ ጣራው ይሰቅለዋል፤ ማሽኑም በራሱ ጠባቂ እጅ ይጎዳል። ስለዚህ በፍተሻው ጊዜ ፊውዙ ሆን ተብሎ ይነቀላል። መቆጣጠሪያው ወደ ሁለተኛው ቻናል ወይም ወደ እጅ አሠራር ያለ ግርግር መዛወር አለበት። ይህ በወረቀት ላይ «አለ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ፊውዙ ተነቅሎ መታየት አለበት።

እንዲሁም ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁም አብሮ መውረድ አለበት። ቮልቴጁ እንዳለ ሆኖ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ በብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ፍሰት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የጄኔሬተሩም የትራንስፎርመሩም ብረት ይግላል። ይህን የሚከለክለው ገደብ ጠባቂ የተርባይኑን ፍጥነት በጥንቃቄ በመቀነስ ይፈተናል። በመጨረሻም ኤክሳይቴሽኑ በብሬከሩ በኩል ይቋረጣል። የሮተሩ ጥቅል ብዙ ማግኔታዊ ጉልበት ያከማቸ በመሆኑ ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ያን ጉልበት የሚቀበለው ማፍሰሻ ሬዚስተር በትክክል መግባቱ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ማሽኑ ከመስመር ጋር ይገናኛል። እንደ ተገናኘ፣ ጭነት ሳይበዛበት፣ የቮልቴጁ ትእዛዝ ጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ ሪአክቲቭ ኃይሉም ከማሽኑ ወደ መስመሩ መውጣት አለበት። የከረንት ትራንስፎርመሩ ዋልታ ተገልብጦ ታስሮ ከሆነ መቆጣጠሪያው መስጠቱን እንደ መቀበል ይቆጥረዋል፤ ገደብ ጠባቂዎቹም ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይገፋሉ። የሁለት ደቂቃ ሥራ የሆነው ይህ ምርመራ ከኋላ የሚመጣውን ብዙ ጥፋት ያስቀራል።

ከዚህ በኋላ የገደብ ጠባቂዎቹ ተራ ነው። ከመጠን በላይ ኤክሳይቴሽን ሮተሩን ያግላል፤ ከመጠን በታች ኤክሳይቴሽን ደግሞ ማሽኑ ከግሪድ ጋር ያለውን የማግኔት ትስስር ያላላል። ሁለቱም ወሰኖች ማሽኑን ሳይጎዱ እንዲፈተኑ ልኮቻቸው ለጊዜው ወደ መካከል ይጠጋሉ፤ ማሽኑ ወደ ወሰኑ ይገፋል፤ ገደብ ጠባቂው ሳይወዛወዝ መያዙ ይታያል፤ ከዚያም ልኩ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ገደብ ጠባቂው ከሪሌዩ አስቀድሞ፣ ሪሌዩም ከጉዳቱ አስቀድሞ መሥራት አለበት። ገደብ ጠባቂው ማሽኑን በመስመር ላይ አቆይቶ ያድነዋል፤ ሪሌዩ ግን ከመስመር አውጥቶ ያድነዋል። በማክናሪ የታየው ጥፋት ግሪዱ ማሽኖቹን አጥብቆ በሚሻበት ሰዓት ሪሌዩ ያለ ተራው መግባቱ ነው። ሁለተኛው፣ ለፍተሻ የተለወጠ ልክ ሁሉ መመለሱ ነው። ከፍተሻው በፊትና በኋላ ያለው ፕሮግራም ተነጻጽሮ ልዩነቱ በጽሑፍ ካልተፈረመበት ፍተሻው እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003) እንደ ገና ታይቷል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የኢስትሌክ ጣቢያ 5ኛው ጄኔሬተር ተጨማሪ ሪአክቲቭ ኃይል እንዲሰጥ በተገፋ ጊዜ መቆጣጠሪያው ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ተዛወረ፤ ኦፕሬተሮቹ ወደ አውቶማቲክ ሊመልሱት ሲሞክሩ ማሽኑ ከመስመር ወጣ። በዚያን ቀን በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ መብራት አጥቷል። ለዚያ ጥፋት ሌሎች ከባድ ምክንያቶች ስለ ነበሩ የአንዱ ማሽን መውጣት ብቻውን አላመጣውም፤ ነገር ግን አካባቢው የቮልቴጅ ድጋፍ ካጣባቸው እርምጃዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ በፍተሻው ጊዜ ወሰን ላይ የደረሰ ማሽን ወደ እጅ ሲዛወርና ወደ አውቶማቲክ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ተረኞቹ ራሳቸው ቆመው ሊያዩት ይገባል።

4. የማረጋጊያው ፍተሻ

ፈጣን የሆነ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ማሽኑን ከግሪድ ጋር አጥብቆ ያስተሳስራል፤ ነገር ግን የሮተሩን መወዛወዝ የሚያሰክነውን ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ዴሜሎና ኮንኮርዲያ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጠባይ አብራርተው፣ በኤክሳይቴሽኑ በኩል መወዛወዙን የሚያሰክን ተጨማሪ ምልክት እንዴት እንደሚቃኝ አሳይተዋል። ማረጋጊያ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ማሽን ከግሪዱ ጋር ሲወዛወዝ ብዙውን ጊዜ በሰኮንድ ከ1 እስከ 2 ዙር ነው፤ ሰፋፊ አካባቢዎች እርስ በርሳቸው ሲወዛወዙ ግን ከ1 ዙር በታች ይወርዳል። በእ.ኤ.አ. 1996 ግሪዱን የከፈለው መወዛወዝ በሰኮንድ ሩብ ዙር ገደማ ነበር።

ማረጋጊያው የሚፈተነው በመጀመሪያ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ ተከፍቶ ነው። በሁለቱም ጊዜ ያው ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ይሰጣል፤ የአክቲቭ ኃይሉ መወዛወዝ ማረጋጊያው ሲከፈት ፈጥኖ መስከን አለበት። ከዚያ የማረጋጊያው ኃይል በዝግታ ከፍ እየተደረገ መቆጣጠሪያው ራሱ መወዛወዝ የሚጀምርበት ነጥብ ይፈለጋል፤ በተለመደው አሠራር የመጨረሻው ልክ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ለውኃ ኃይል ጣቢያ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የውኃው በር በፍጥነት ሲከፈትና ሲዘጋ ማረጋጊያው የጭነቱን ለውጥ እንደ መወዛወዝ ቆጥሮ ቮልቴጁን ያለ ምክንያት እንዳያንቀጠቅጠው መታየት አለበት።

5. መዝገቡና ሞዴሉ

ፍተሻው ያለ መዝገብ ወሬ ነው። የአይ ትሪፕል ኢ 421 ተከታታይ መመሪያዎች ለኤክሳይቴሽን ስያሜን፣ የፍተሻ ዘዴንና የኮምፒዩተር ሞዴልን በየክፍላቸው ደንግገዋል። ሞዴሉ የሚረጋገጠው በፍተሻው ጊዜ የተሰጠው ለውጥ በኮምፒዩተሩም ላይ ተሰጥቶ፣ የሁለቱ ግራፍ አንዱ በአንዱ ላይ ሲቀመጥ ነው። ካልገጠሙ የሚታረመው ሞዴሉ ነው እንጂ መዝገቡ አይደለም። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በጣቢያው ያልታየውን መጻፍ ለሰነፍ እጅ ዘወትር የቀረበ ፈተና ነው። ግሪድ የሚያቅደው ሰው ማሽኑን አያየውም፤ የሚያየው ያን ወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ተማምኖ ስንት ሜጋ ዋት በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ ይወስናል። የፈታኙ ፊርማ የሚሸከመው ይህን ያህል ነው።

6. ለኢትዮጵያ የሚኖረው ትርጉም

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመረቅ 3 ጄኔሬተሮችና በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3ኛ 10 ጄኔሬተሮችና 1,870 ሜጋ ዋት አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በ13 ጄኔሬተሮች 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ኃይሉ በብዛት የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ የራቁ ናቸው፤ መካከላቸው ያሉት መስመሮችም ረጃጅም ናቸው። ረጅም የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ሌሊት ጭነቱ ሲቀልል ራሱ ሪአክቲቭ ኃይል ያፈልቃል፤ ቮልቴጁም ሽቅብ ይወጣል። ትርፉን የሚቀበሉት ሪአክተሮችና ጄኔሬተሮች ናቸው። ስለዚህ ሌላ አገር አልፎ አልፎ የሚነካው የዝቅተኛ ኤክሳይቴሽን ወሰን እዚህ የሌሊት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ግሪዱ ከጂቡቲና ከሱዳን ጋር በ230 ኪሎ ቮልት፣ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህም ከኬንያ ጋር በ500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ከረንት መስመር ተያይዟል። መስመሩ በረዘመና ጎረቤቱ በበዛ መጠን የአንዱ ማሽን ጠባይ የብዙዎች ጉዳይ ይሆናል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች ከባለሙያው ይጠበቃሉ። በርክክብ ጊዜ የሚደረገው ፍተሻ ለተቋራጩ ብቻ ሳይተው የጣቢያው መሐንዲሶች በገዛ መቅረጫቸው እንዲመዘግቡት ማድረግ፤ የተመዘገበውን ግራፍና የፕሮግራሙን ቅጂ በጣቢያውም በማዕከሉም ማስቀመጥ፤ ፕሮግራም በተለወጠ፣ ካርድ በተተካ ወይም ፊውዝ ያለ ምክንያት በተቃጠለ ቁጥር የሚመለከተውን ፍተሻ መድገም። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ሰዓት ማሽኑን ከጭነት ማሳረፍ ነው። ጭነት በበዛበት ዘመን ይህን ሰዓት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አስተላላፊው ክፍል ሊከለክል፣ አለቃው «ማሽኑ ይሠራል፤ ምን ትነካካላችሁ?» ሊል ይችላል። ከማክናሪ በፊትም ማሽኖቹ ይሠሩ ነበር። መሥራታቸው በየቀኑ ይታይ ነበር፤ ወሰናቸው ግን አልታወቀም ነበር። መሐንዲስ በዚያች ጥቂት ሰዓት ላይ ሲከራከር የሚከራከረው፣ ዛሬ ማታ አምፖሉን ስለሚያበራው፣ ስለ ኤክሳይቴሽንም ሰምቶ ስለማያውቀው ሰው ነው።